ለፍጥነት የተመታ ማኅተም

ሃያ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ሃያ አንዱን ዓመት «ምስጢር» የሚለው ቀዩ ማኅተም ያደረው በእኔ መሳቢያ ነው። ሰው «ምስጢር» ሲባል ስለ ጦርና ስለ ሰላይ ያስባል። እኔ በዚያ ማኅተም የመታሁትን ብናገር ግን ጥርስ አያስከድንም። የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ጠፋ የሚል ማስታወሻ መትቻለሁ። የግዢ ክፍሉ ሰውዬ «የወንበሬ እግር ስለተሰበረ በጉልበቴ ተደግፌ ነው የምሠራው» ብሎ የጻፈውን አቤቱታ መትቻለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሦስት መጥረጊያ እንዲገዛላት ስትጠይቅ እሱንም መትቼ፣ አሽጌ፣ በእጅ ልኬያለሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤት ተራ ወረቀት የሚሄደው በትሪ ነው። ትሪው ከእኔ ወደ ዋና ኃላፊው ረዳት፣ ከረዳቱ ወደ ጸሐፊያቸው፣ ከጸሐፊዋ «ይህ አባሪ የለውም» ተብሎ ወደ እኔ ሲመላለስ ወር ያልቃል። ምስጢር የሆነ ወረቀት ግን ትሪ አይነካም። ጠርዙ ቀይ በሆነ ፖስታ ይታሸግና ተላላኪው በእጁ ይዞት በዚያው ቀን ዋና ኃላፊው ቢሮ ይገባል። ይህን መላ መጀመሪያ ያገኘው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ስመጣ የነበረ ነው። «እትዬ፣ ለፍጥነት ምቺልኝ» ይሉኛል፣ እመታለሁ። በደንቡ መሠረት ምን ምስጢር እንደሆነ፣ ምን እንዳልሆነ የሚወስኑት ዋና ኃላፊው ብቻ ናቸው፤ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ወስነው አያውቁም። ሠራተኛው ስም አውጥቶልኝ «የምስጢር እናት» ይለኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር እንጂ ከፍቶኝ አያውቅም።

ዋና ኃላፊውም ስም ነበራቸው፣ በሌሉበት የሚጠሩበት፤ «አንብቤዋለሁ» ነው። ደረጃ ላይ አግኝተህ ስለየትኛውም ወረቀት ብትጠይቃቸው እጃቸውን ትከሻህ ላይ ጣል አድርገው «አንብቤዋለሁ፣ አንብቤዋለሁ» ይሉና ያልፋሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። ሰው ሁሉ ወረቀቱን ምስጢር ሲያደርግ የምስጢሩ መሳቢያ ከትሪው ብሶ ሞላባቸው። ከዚያ በኋላ የትኛውን ከፍተው የትኛውን ይተዉ?

መሐንዲሱ የመጣው ዝናቡ ሊገባ ወር ተኩል ሲቀረው ነው። የድልድዮች መሐንዲስ ነው፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ጫማው ሁልጊዜ ጭቃ ስለሆነ ጽዳት ሠራተኛዋ ከሩቅ ስታየው መጥረጊያዋን ታነሳለች። አንድ ገጽ ወረቀት በሁለት ቅጂ ይዞ ባንኮኒዬ ላይ ተደገፈ።

«እትዬ፣ ይቺን ዛሬውኑ ያድርሱልኝ።»

«ትሪው ያውልህ። ወር ከታገስክ ትደርሳለች።»

«ድልድዩ አይታገስም።»

አነበብኩት። ማንበብ ሥራዬ አይደለም፤ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳላነብ የመዘገብኩት ወረቀት የለም። ከከተማ ወደ ውጭ የሚያወጣው ድልድይ፣ አውቶቡሶቹ ሁሉ የሚያልፉበት፣ ሦስተኛው እግሩ ሥር ውሃ ገብቶ አፈሩን ጠርጎታል፤ ከባድ ዝናብ ከመጣ የተጫነ አውቶቡስ አይሸከምም፤ ባስቸኳይ ይዘጋ። ይኸው ነው። አንድም የተንዛዛ ቃል አልነበረበትም።

«ልምታት?» አልኩት።

«ይምቷት። የእኔንም ቅጂ ይምቱልኝ፤ ኋላ እንዲህ ያለ ወረቀት አልመጣም እንዳይሉ።»

ሁለቱንም መታሁ። ቁጥር ሰጠሁ፣ 418። ፖስታውን አሽጌ ለተላላኪው ሰጠሁት፤ ጸሐፊዋ ተቀብላ በማስረከቢያ ደብተሩ ላይ ፈረመች። ደብተሩ ሁለት የፊርማ ቦታ አለው። አንዱ «የተረከበው»፣ ሁለተኛው «የከፈተው» ይላል። ሁለተኛው ላይ የሚፈርሙት ዋና ኃላፊው ራሳቸው ናቸው።

መሐንዲሱ በየሁለት ቀኑ ብቅ እያለ «ተከፈተች?» ይለኛል። ደብተሩን ገልጬ አሳየዋለሁ። ሁለተኛው ቦታ ባዶ ነው። አንድ ቀን ኃላፊውን ደረጃ ላይ ጠብቆ አገኛቸው፤ ሲመለስ ፊቱን አይቼ ምን እንዳሉት ሳይነግረኝ ገባኝ። በዚያ ሰሞን ጸሐፊዋን ብጠይቃት 418 ከአንድ የምንጣፍ ጥያቄ ሥር እንዳለች ነገረችኝ። የምንጣፉንም የመታሁት እኔው ነኝ።

በአርባ አንደኛው ቀን ዝናቡ ጀመረ። መሐንዲሱ የራሱን ቅጂ ይዞ አውቶቡስ ጣቢያ ሄደና የስምሪት ክፍሉ መስታወት ላይ ለጠፈው። ሾፌሮቹ ተሰብስበው አነበቡ። በኋላ እንደሰማሁት፣ አንዳንዶቹ ማን ይህን ያምናል ብለው ሊሄዱ ሲሉ አንድ ሸበቶ ሾፌር ቀዩን ማኅተም በጣቱ እየጠቆመ «የደበቁት ነገር ከሆነ እውነት ነው ማለት ነው» አላቸው። በዚያን ቀን አንድም አውቶቡስ በድልድዩ አላለፈም። በዙሪያው፣ በረጅሙ መንገድ ዞሩ። ሕዝቡ ሥራ ስላረፈደ ተንጫጫ፤ በሦስተኛው ቀን መሥሪያ ቤቱ ድልድዩን ዘጋ፣ በወሩ ጠገነው። የጠገኑት ሰዎች ሦስተኛው እግር ሥር ሰው ቆሞ የሚገባበት ጉድጓድ አገኙ። የሞተ የለም፣ የተጎዳ የለም። መሐንዲሱ ተሳስቷል ያለም የለም።

ድልድዩ በተጠገነ በሳምንቱ፣ ከምሳ በፊት፣ ሁለት ፖሊሶች መጥተው መሐንዲሱን ወሰዱት። በእኔ ባንኮኒ ፊት ነው ያለፉት። ወደ እኔ ዞር ብሎ «እትዬ፣ ደህና ይዋሉ» አለኝ፣ ለምሳ እንደሚወጣ ሰው።

* * *

መጥሪያው የደረሰኝ ቀይ ጠርዝ ባለው ፖስታ ነው። ላዩ ላይ «ምስጢር» ይላል። ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ለምስክርነት ቅረቢ ከማለት በቀር ውስጡ ምንም አልነበረውም፤ የደረሰኝ ግን በተጻፈበት ዕለት ነው። እዚያም አንዲት እንደ እኔ ያለች ሴት አለች ማለት ነው አልኩ በልቤ።

ዐቃቤ ሕጉ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። ጉንፋን ይዞታል፤ ጠረጴዛው ላይ ከፋይሉ እኩል የመሐረም ክምር አለ። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ። ክፉ ነገር ከአፉ አልወጣም። ያንን ቀን ሳስበው የሚያበሽቀኝ ይኸው ነው፤ የምጠላው ሰው አጣሁ።

«የሚጠየቁት ሁለት ነገር ነው እትዬ» አለኝ። «ማኅተሙ የመሥሪያ ቤቱ ነው ወይ፣ ቁጥሩን የጻፉት እርስዎ ነዎት ወይ። አዎ፣ አዎ ይላሉ፤ ይሄዳሉ።»

«ድልድዩስ?»

«ድልድዩ በክሱ ውስጥ የለም።»

«ልክ ነበር እኮ ሰውየው።»

«ልክ አይደለም ያለው የለም።» ሳለ፣ አፉን ጠረገ። ከመሳቢያው ጠርዙ የተበላ ቀጭን መጽሐፍ አወጣና አንዱን ገጽ አነበበልኝ። ሕጉ የወጣው አያቴ ልጅ ሳለች ነው። የምስጢር ማኅተም ያረፈበትን ጽሑፍ «በቴሌግራፍ፣ በእርግብ፣ በፈረሰኛ መልእክተኛ ወይም በሌላ በማናቸውም መንገድ» ላልተፈቀደለት ሰው ያሳወቀ የመንግሥት ሠራተኛ እስከ አሥር ዓመት ይታሠራል። ስለ ፈረስ መኖ ብዛት የተጻፈም ምስጢር ነው ይላል። የስምሪት ክፍል መስታወት ከእርግብ ጋር አንድ ሆነ።

«ይህ እስከ ዛሬ አልተሻረም?» አልኩት።

«ማን ያስታውሰዋል? ሰው ሲያስፈልገው ነው የሚፈልገው።» ገጹን ገለጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሚቀጥለውን አንቀጽ ለእርስዎ ብዬ ነው የማነብልዎት። ሳይፈቀድለት የምስጢር ማኅተም የመታ ሠራተኛ ከሥራው ተባሮ እስከ ሁለት ዓመት ይታሠራል። እንግዲህ የመሥሪያ ቤታችሁን አሠራር ማንም አይጠይቅዎትም። ያልተጠየቁትን አይናገሩ። ጡረታ ሊወጡ ስንት ቀረዎት?»

«አሥራ አራት ወር።»

«ያው እንግዲህ» አለ፣ ማስነጠስ ያዘውና ዞረ።

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። እስከ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ፤ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ፊቴን እንዲያየኝ አልፈለግሁም። እውነቱን ለመናገር በመንገዴ ሁሉ ያሰብኩት ስለ መሐንዲሱ አይደለም። ስለ ቤታችን ነው ያሰብኩት። የምኖርበት ሁለት ክፍል የመሥሪያ ቤቱ ነው። በደህና ጡረታ የወጣ ሰው እስኪሞት ይኖርበታል፤ የተባረረ በወሩ ይለቃል። አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ዓይኗ እየደከመ ነው። የት ይዣት ልሄድ ነው? «ያልተጠየቁትን አይናገሩ» የሚለው ቃል በመንገዱ ሁሉ እየጣፈጠኝ ሄደ።

የመሐንዲሱ ሚስት የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ በምሳ ሰዓቷ መጣች። በእጇ የታጠበ ሸሚዝ የያዘ ፌስታል ነበር። ከእኔ ዘንድ ወደ እሥር ቤት ልትሄድ ነው።

«እትዬ፣ ስላስቸገርኩዎት ይቅርታ» አለችኝ። «ጠበቃው ግራ ገብቶታል። ይህ ወረቀት ለምን ምስጢር ሆነ፣ ማን ወሰነ ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱ አፉን ይዘጋል። ቢለምነው፣ ቢቆጣው አይናገርም። እኔ ስጠይቀው ደግሞ ምን እንደሚለኝ ያውቃሉ? "መዝገብ ቤቷን እንዳታስቸግሪያት፣ አሥራ አራት ወር ነው የቀራት" ይለኛል። ምን ማለቱ ነው?»

ባንኮኒዬን በሁለት እጄ ያዝኩ። ያ ሰውዬ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ የእኔን ወራት ይቆጥራል።

«እኔ ምን አውቄ ልጄ» አልኳት።

ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር። ከዚያ ፌስታሏን አነሳች። «ለካ ምስክርነቱ በእሱ ላይ ነው» አለችኝ፤ ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም። «ስገባ ተላላኪው ነግሮኝ አላመንኩም ነበር። እኔ እኮ የመጣሁት ወዳጅ ናቸው ብዬ ነበር።» ወጥታ ሄደች። ከሰዓት በኋላ የመጣውን ወረቀት ሁሉ ቁጥር አዛንፌ መዘገብኩት፤ ይህ በሃያ ዘጠኝ ዓመት ደርሶብኝ አያውቅም።

እሁድ ከሰዓት እህቴ ሱሪ ትተረትራለች፤ እኔ ክር በመርፌ እየከተትኩ እሰጣታለሁ። አሁን አሁን ክሩን የምከትትላት እኔ ነኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ስጨርስ መተርተሯን ሳታቆም ጠየቀችኝ።

«ባትመቺው ኖሮ ምን ይሆን ነበር?»

«ትሪ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ቢለጥፈውም ጥፋቱ ከደብዳቤ አያልፍም፤ ደመወዙን ይቀጡት ነበር።»

«እና ያሳሰርሽው አንቺ ነሻ።»

«እሱ ነው እኮ ምቺ ያለኝ።»

«እሱስ ማን አስተማረው?» መርፌውን ተቀብላኝ ወደ መስኮቱ ቀና ብላ ቀዳዳውን አየች። «እኔን ምክር አትጠይቂኝ። ተናገሪ ብዬሽ ሜዳ ላይ ብንወድቅ ዕድሜ ልክሽን ታሳብቢብኛለሽ፤ ዝም በዪ ብዬሽ ዝም ብትዪም ታሳብቢብኛለሽ። አውቅሻለሁ።»

«በአንቺ አላሳብብም።»

«ታሳብቢብኛለሽ። ልጅ ሆነን የሰበርሽውን ድስት እስከ ዛሬ በእኔ ነው የምታሳብቢው።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ሱሪውን ጭኗ ላይ እያጠፈች፣ በላይኛው ሰፈር አንዲት ደንበኛዋ አንድ ክፍል የምታከራይ መሆኗን እንደ ዋዛ ነገረችኝ። መስኮቱ በደንብ ብርሃን ያስገባል አለች። ሄዳ አይታው ኖሯል።

* * *

ችሎቱ ዝግ ነው ተባለ። ክፍሉ ጠባብ፣ መስኮቱ የተከረቸመ፣ ሙቀቱ አያስቀምጥም። ዳኛው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ጠረጴዛው ላይ ይፈልጉታል፤ የችሎቱ ጸሐፊ በምልክት እስክታሳያቸው ድረስ። መሐንዲሱ ከፖሊስ አጠገብ ተቀምጧል። የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። ጫማው ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ እንዳልናገር ነው።

ማልኩ። ዐቃቤ ሕጉ ጉንፋኑ አልለቀቀውም።

«በዚህ ወረቀት ላይ ያለው ማኅተም የመሥሪያ ቤታችሁ ነው?»

«አዎ።»

«ቁጥሩን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ጨርሻለሁ ክቡር ዳኛ።»

ጠበቃው ከወንበሩ ግማሽ ተነስቶ መሐንዲሱን አየው፤ መሐንዲሱ ወደ መሬት አቀረቀረ። «ጥያቄ የለኝም» አለ ጠበቃው፣ እጁን ጥሎ።

«መሄድ ይችላሉ» አሉኝ ዳኛው።

ተነሳሁ። በሩ አራት እርምጃ ነው። ጀግና ነኝ አልልም፤ እስከ በሩ ሄጃለሁ። እጀታውን ስይዝ ግን እዚያ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰችው ሴት እንዳለች ትዝ አለኝ። በፊቷ ማለፌ ነው። ደከመኝ። ሌላ ቃል የለኝም ለዚያ ስሜት፤ ሃያ አንድ ዓመት የመታሁት ሁሉ እጄ ላይ የተከመረ መሰለኝና ደከመኝ። ተመለስኩ።

«ክቡር ዳኛ፣ ያልተጠየቅሁት ነገር አለ።»

«እትዬ፣ ይተዉት» አለ መሐንዲሱ።

«ተከሳሽ ዝም ይበል።»

ተናገርኩ። መዝገብ የማነብ ያህል ቀለለኝ። የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ነገርኳቸው፣ ወንበሩን ነገርኳቸው፣ መጥረጊያዎቹን ነገርኳቸው። 418ን ማንም ምስጢር ነው ብሎ እንዳልወሰነ፣ መሐንዲሱ ለፍጥነት ምቺልኝ ብሎኝ እንደመታሁት፣ አርባ አንድ ቀን «የከፈተው» የሚለው ቦታ ባዶ እንደነበር፣ ደብተሩም እዚያው በመሥሪያ ቤቱ እንዳለ ነገርኳቸው። «ማስጠንቀቂያው ቶሎ እንዲደርስ ብሎ ነው ያስመታው። አሁን እሱኑ ማኅተም ይዛችሁ ነው የምትከሱት» አልኩ።

ዳኛው መጻፋቸውን አቁመዋል። «የሚናገሩት በራስዎ ላይ ማስረጃ እንደሚሆን ያውቃሉ?»

«ዐቃቤ ሕጉ ነግሮኛል። እያሳለው እንኳ በደንብ ነው ያስረዳኝ።»

ዐቃቤ ሕጉ መሐረሙን ፊቱ ላይ አደረገ። ዳኛው ፊታቸው ያለውን ፋይል ዘጉና ሽፋኑን ብዙ ጊዜ አዩት። ሽፋኑ ላይ ያው ቀይ ማኅተም ነበረበት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ችሎቱ ጸሐፊ መለሱ፤ እሷ አንገቷን ደፋች። ምንም አልጠየቋትም።

«ይህ ሕግ እኔ ሳልወለድ የወጣ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ያሉት አይመስልም። «ማኅተሙ ለምን ተመታ ብሎ አይጠይቅም። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ብቻ ነው የሚያውቀው። እስኪሻር ድረስ እኔም ከዚያ አልፌ ልጠይቅ ሥልጣን የለኝም።» መነጽራቸውን አወለቁ። «የምስክሯ ቃል ይመዝገብ። ዐቃቤ ሕግ በምስክሯ ላይ የሚያቀርበውን ያቅርብ። ቃሉ ስለ መሥሪያ ቤቱ የምስጢር አሠራር የሚናገር ስለሆነ ራሱ ምስጢር ነው። ከዚህ ክፍል ውጭ ለማንም አይነገርም፤ ለተከሳሽ ቤተሰብም፣ ለጋዜጣም። የተናገረ በዚሁ ሕግ ይጠየቃል። ለፍርድ ከሦስት ሳምንት በኋላ።»

ጸሐፊዋ ከመሳቢያዋ ማኅተሟን አወጣች። ቀለሙ ደርቆባት ነበር፤ ሁለቴ ተንፍሳበት መታችው። ድምፁን አውቀዋለሁ።

በአጠገቡ ሳልፍ መሐንዲሱ ቀና አለ። ዓይኑ ቀልቷል። «ምን ነካዎት እትዬ?»

«ደክሞኝ ነው» አልኩት። እውነቴን ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሚስትየው ብቻዋን ተቀምጣለች። ከበሩ አጠገብ እድሜው የገፋ፣ ቦርጫም ፖሊስ ቆሟል፤ ከእኔ ጋር ነው የወጣው፣ ትእዛዙን ሰምቷል። እሷ ስታየኝ ፊቷን አዞረች። ላልፋት እችል ነበር፤ ሕጉም እለፊያት ይላል። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። አግዳሚው ጠባብ ስለሆነ ጋዋኗን ሰብሰብ አደረገች።

«ምን አሉ?» አለች፣ ግድግዳውን እያየች። «በእሱ ላይ መሰከሩ?»

«እናቴ፣ አይቻልም» አለኝ ፖሊሱ ከላይ ሆኖ። በቁጣ አይደለም፤ እያዘነ ነው። «ከተናገሩ መጻፍ አለብኝ። ዳኛው ሲሉ ሰምተዋል።»

«ሰምቻለሁ።»

ከኪሱ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። ብዕሩ እንቢ ብሎት እጁ ላይ ሞከረው። ሚስትየው አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። ቤታችን ትዝ አለኝ፣ እህቴ ሄዳ ያየችው ክፍልም ትዝ አለኝ፤ መስኮቱ ብርሃን ያስገባል ብላለች።

«ያንን ወረቀት ምስጢር ያደረግሁት እኔ ነኝ» አልኳት። «ማንም አላዘዘኝም። ባልሽ ቶሎ ይድረስልኝ ብሎ አስመታኝ፤ አለቃው ሳይከፍቱት አርባ አንድ ቀን ተቀመጠ። ዝም ያለው እኔ እንዳልታሠር ብሎ ነው። ዛሬ ይህን ለዳኛው ተናግሬያለሁ። ይፈቱታል ብዬ አልዋሽሽም። አንቺ ግን እወቂው።»

እጄን ያዘችው፤ ቀኝ እጄን፣ በጣም አጥብቃ፣ እስኪያመኝ ድረስ። ልታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም። «አሥራ አራት ወር» አለች በቀስታ፣ አሁን እየገባት።

ፖሊሱ እየጻፈ ነው። ጽሕፈት አይሆንለትም፤ ምላሱን ጥርሱ መካከል አድርጎ ይታገላል። «"አስመታኝ" ካሉት በኋላ ምን ነበር ያሉት?» አለኝ።

ቀስ ብዬ ደገምኩለት፤ እሱ ሲጨርስ እየጠበቅሁ፣ ቃል በቃል። ገጹን ሊያዞር ሲል ደብተሩን ወደ እኔ አዘንብዬ አየሁት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ነውና ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

«ቀኑን ከላይ ጻፍበት» አልኩት።